የቪኤም ራም ጉዳይ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ሰሞኑን ስለ ቪኤም ራም የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምጽፍ ሁሉንም እዚህ ላምጣው። ሆስት ስል ዋናውን ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ማለቴ ነው፤ ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) ደግሞ በላዩ ላይ በሶፍትዌር የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ለቪኤም 8 ጊጋ ብላችሁ ስትጽፉ ሆስቱ ቃል ገባ ማለት ነው። ቃሉን መቼ፣ ከየትስ አምጥቶ እንደሚሞላው ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ጥያቄያችሁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 16 ጊጋ ራም አለው። ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው የቪኤም ፕሮግራም ላይ ለልምምድ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨርና ሁለት ኡቡንቱ ላስነሳ ነው። ለእያንዳንዱ ስንት ልስጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሆስቱን ድርሻ ቀንስ። ዊንዶውስህ ከነብራውዘሩ 6 ጊጋ ቢተውለት አይበዛበትም። ከቀረው 10 ላይ ለዊንዶውስ ሰርቨሩ 4፣ ዴስክቶፕ ለሌላቸው ኡቡንቱዎች 2፣ 2 ስጥ። 2 ጊጋ መተንፈሻ ይተርፍሃል። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ራሙን የምትጎትትበት መስመር አረንጓዴና ቀይ አለው። ቀዩ ውስጥ አትግባ። ቪኤሙ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ሆስቱ ራም አጥሮት ዲስክ ላይ መጻፍ ሲጀምር ሁሉም ነገር አብሮ ይንቀራፈፋል።

ጥያቄ፦ 8 ጊጋ ከሰጠሁት ሲነሳ ወዲያው 8ቱንም ይወስዳል ወይስ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ?

መልስ፦ እንደ ሃይፐርቫይዘሩ፣ ማለትም ቪኤሞቹን እንደሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። ኬቪኤም በሚባለው የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር ላይ፣ ማለትም ፕሮክስሞክስም ሆነ ሌላ ሊኑክስ ሆስት ላይ፣ ቪኤሙ ለሆስቱ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ነው። ራም የሚሰጠው ቪኤሙ ቦታውን መጀመሪያ ሲነካ ነው። የሚሰጠውም በፔጅ፣ ማለትም በትንንሽ ቁራሽ ነው፣ የተለመደው ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ 8 ጊጋ የተጻፈለት ኡቡንቱ ገና እንደተነሳ ሆስቱ ላይ አንድ ጊጋ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዊንዶውስ ግን ነጻ ፔጆችን ዜሮ እየሞላ የማዘጋጀት ልማድ አለው። ዜሮ መጻፍም መንካት ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ሙሉውን ይዞ ታየዋለህ። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ላይ ደግሞ ራሙን እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዳይናሚክ ሜሞሪ ካላበራህ የጻፍከው በሙሉ ሲነሳ ይያዛል። ያን ያህል ራም ከሌለ ቪኤሙ አይነሳም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ቪኤሙ ውስጥ ከባድ ፕሮግራም ከፍተህ 7 ጊጋ ደረሰ እንበል። ከዚያ ዘጋኸው። ቪኤሙ ውስጥ ገብተህ ስታይ 1.5 ጊጋ ይላል፣ ሆስቱ ላይ ስታይ አሁንም 7 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቪኤሙ ፔጆቹን ለራሱ "ነጻ" ብሎ መዘገባቸው እንጂ ለሆስቱ "ውሰዳቸው" አላለውም። ከሥሩ ሆስት እንዳለም አያስብም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሆስቱ እንዴት ያስመልሰዋል? ባሉን የሚሉት ይሄን ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ይሄን ነው። ሆስቱ የቪኤሙን ራም ከውጭ ሲያየው የትኛው ፔጅ የሚፈለግ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ አይለይም። ዝም ብሎ ቢነጥቅ አሁን ሥራ ላይ ያለውን ሊነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ቪኤሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ድራይቨር ይቀመጣል። ሆስቱ ሲጠበው ድራይቨሩን "2 ጊጋ ያዝልኝ" ይለዋል። ድራይቨሩ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ከቪኤሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራም ይጠይቃል፣ እንደ ፊኛም ያብጣል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የራሱን ጓዳ ያውቃል፤ ባዶውን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ካሹን (ለፍጥነት ብሎ ራም ላይ ያቆየውን የዲስክ ቅጂ) ይለቅለታል። ድራይቨሩ የያዘውን አይጠቀምበትም፣ ለሆስቱ ያስረክባል። ካርል ዋልድስፐርገር ይህን ዘዴ በ2002 ስለ ቪኤምዌር ኩባንያ ሃይፐርቫይዘር፣ ስለ ኢኤስኤክስ ሰርቨር ባቀረበው ጥናት ላይ አብራርቶታል። እኔ እስካሁን ከማደንቃቸው ሐሳቦች አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ውሳኔውን የሚተወው ለሚያውቀው ነው።

ፕሮክስሞክስ ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ ብለህ ሁለት የተለያየ ቁጥር መጻፍ አለብህ፣ አለዚያ ባሉኑ አያብጥም። ሥራ የሚጀምረውም የሆስቱ ራም 80 በመቶ ገደማ ሲሞላ ነው። ዊንዶውስ ቪኤም ከሆነ የባሉኑ ድራይቨር ያለባቸውን የቨርትአይኦ ድራይቨሮች መጫን እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ የፖስትግሬስ ዳታቤዝና የጃቫ አፕሊኬሽን ያለበት ቪኤም ላይስ ባሉን ላብራ?

መልስ፦ አይ፣ ተይው። ጃቫ የያዘውን ሂፕ (ዳታውን የሚያስቀምጥበትን ራም) ጋርቤጅ ኮሌክተሩ፣ ማለትም የማያስፈልገውን የሚያጸዳው፣ በየጊዜው ይዞረዋል። ከሂፑ ግማሹ ባሉኑ ገፍቶት ስዋፕ ላይ፣ ማለትም ራም ሲያጥር በሚጻፍበት የዲስክ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ኮሌክተሩ በዞረ ቁጥር አፕሊኬሽኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳታቤዙም ካሹን የሚይዘው ሲነሳ ማዋቀሪያው ላይ በተጻፈለት ልክ ነው፣ ባሉኑ ሲያብጥ አያሳንሰውም። ለእነዚህ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም እኩል ጻፊ። ቪኤምዌር ላይ ከሆንሽ ሙሉውን ሪዘርቭ አድርጊለት፣ ማለትም ለእሱ ብቻ ይያዝለት።

ጥያቄ፦ 64 ጊጋ ሰርቨር ላይ በድምሩ ስንት ማካፈል ይቻላል? 100 አካፍሎ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ።

መልስ፦ ይቻላል። የሠርግ ድግስ አስብ። 500 ሰው ተጠርቶ ድንኳኑ ውስጥ 300 ወንበር ቢኖር ችግር የለም፣ ሰው ተራ በተራ ነው የሚመጣው። ዝናብ የጣለ ዕለት ግን ሁሉም ባንዴ ድንኳን ውስጥ ይገባል። ለቪኤሞች ዝናቡ የሌሊት ባክአፕ ነው፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ የሚነሱበት ሰዓት ነው።

ያየሁትን ልንገርህ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት 64 ጊጋ ያለው የፕሮክስሞክስ ሰርቨር ነበረው። የቪኤሞቹ ድምር 52 ነበር። ወረቀት ላይ 12 ጊጋ ይተርፋል። አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ የሂሳብ ዳታቤዙ ያለበት ቪኤም ጠፍቷል። ማንም አላጠፋውም። የሆስቱን ሎግ ስከፍተው አንድ መስመር አገኘሁ፦ "አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ኪልድ ፕሮሰስ"፣ ቀጥሎ የፕሮሰሱ ቁጥር፣ በቅንፍ ደግሞ ኬቪኤም። ሰዓቱ 02፡13 ይላል፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ13። ባክአፑ የሚጀምረው ልክ በ8 ሰዓት ነው። ራሙን የያዘው ዜድኤፍኤስ፣ ማለትም ሆስቱ ዲስኮቹን የሚያስተዳድርበት ፋይል ሲስተም ነበር። ያኔ ካልነካኸው የሆስቱን ራም እስከ ግማሽ ድረስ ለካሽ ይወስድ ነበር፣ እዚያ ላይ እስከ 32 ጊጋ ማለት ነው። ካሹን በቶሎ መልቀቅ ስላልቻለ ራም አለቀ። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ብዙ የያዘው ትልቁ ቪኤም ነው፣ ትልቁ ቪኤም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የምትሳሳለት ነው። የካሹን ጣሪያ ወደ 8 ጊጋ አወረድነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ከፕሮክስሞክስ 8.1 ጀምሮ አዲስ ሲጫን ጣሪያው 10 በመቶ፣ ቢበዛ 16 ጊጋ ሆኗል። ድሮ ተጭኖ የተሻሻለ ሰርቨር ካለህ ግን ዛሬውኑ እየው።

ሰው የሚሠራበት ሰርቨር ላይ የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ለሆስቱ ቢያንስ ከ4 እስከ 8 ጊጋ፣ ዜድኤፍኤስ ካለ የካሹን ጣሪያ፣ የቀረውን ለቪኤሞች። ከዚያ አላልፍም። ለልምምድ ከሆነ 100 አካፍል፣ ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ቪኤሜ ላይ ፍሪ የሚለውን ትዕዛዝ ስሰጥ 200 ሜጋ ብቻ ነጻ ይላል። ልጨምርለት?

መልስ፦ "ፍሪ" የሚለውን ዓምድ ትተህ "አቬይለብል" የሚለውን እይ። ሊኑክስ ትርፍ ራም ካገኘ ለፋይል ካሽ ይጠቀምበታል፣ ሲፈለግ ይለቀዋል። አቬይለብሉ ደህና ከሆነ አትጨምር።

ጥያቄ፦ ራም ካለኝ አብዝቼ ብሰጥ ምን እጎዳለሁ?

መልስ፦ ትጎዳለህ። የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ላይ እያንዳንዱ ቪኤም ሲነሳ ዲስክ ላይ የስዋፕ ፋይል ይፈጠርለታል፣ መጠኑም ከሰጠኸው ራም ሪዘርቭ ያደረግከው ተቀንሶ ነው። 64 ጊጋ ሰጥተህ ምንም ሪዘርቭ ካላደረግክ 64 ጊጋ ዲስክ ሄደ። ስናፕሾት (ቪኤሙ ያለበትን ሁኔታ ቅጂ) ከነሜሞሪው ስትወስድም እንደዚሁ ነው። ቪኤሙን ሳታጠፋ ወደ ሌላ ሆስት ስታዛውርም ኔትዎርኩ ላይ የሚጓዘው ይህ ራም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ ሃይፐር-ቪ አለን። ዳይናሚክ ሜሞሪው ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ግራ አጋቡኝ። ዕድሜዬም ገፍቷል፣ ቀለል አድርገህ አስረዳኝ።

መልስ፦ እሺ ጋሼ። ስታርትአፕ የሚለው ቪኤሙ ሲነሳ የሚያገኘው ነው። ሚኒመም ሥራ ሲፈታ እስከዚያ ድረስ ሊወርድ የሚችልበት ነው። ማክሲመም ሲጨናነቅ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ማክሲመሙ ሳይነካ ከመጣ እጅግ ትልቅ ቁጥር ስለሆነ እርስዎ ይወስኑት። በፐርሰንት የተጻፈው በፈር ደግሞ ከፍላጎቱ በላይ የሚያዝለት መጠባበቂያ ነው፣ 20 በመቶ ሆኖ ይመጣል። ለፋይል ሰርቨር ወይም ለፕሪንት ሰርቨር ጥሩ ነው፣ ያብሩት። ኤክስቼንጅ የሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ካለዎት ግን ያጥፉት፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ከኤክስቼንጅ ጋር አይደግፈውም።

ጥያቄ፦ አምስት አንድ ዓይነት ኡቡንቱ አሉኝ። ተመሳሳይ ፔጆችን አንድ ላይ የሚያደርግ ነገር አለ ይባላል?

መልስ፦ አለ። ሊኑክስ ላይ ኬኤስኤም ይባላል፣ ከ2009 ጀምሮ በከርነል 2.6.32 ገብቷል። ፔጆችን እያነጻጸረ አንድ ዓይነት የሆኑትን አንድ ቅጂ ብቻ ያስቀራል፣ አንዱ ቪኤም ሊለውጠው ሲል ለእሱ ሌላ ይገለብጥለታል። ፕሮሰሰር ይበላል። ከዚህም በላይ፣ አንዱ ቪኤም ከሜሞሪ የሚነበብበትን ፍጥነት እየለካ የጎረቤቱን የምስጢር ቁልፍ ሊደርስበት እንደሚችል ተመራማሪዎች ስላሳዩ ቪኤምዌር በተለያዩ ቪኤሞች መካከል ማጋራቱን ካላበሩት በቀር እንዳይሠራ አድርጎታል። አምስቱም የአንተ ከሆኑ ተጠቀምበት። የተለያዩ ደንበኞች ካሉበት አታብራው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሠራውን ደብሊውኤስኤል 2 ከጫንኩ ወዲህ ቪኤምሜም የሚባል ነገር ራሜን ጨረሰው።

መልስ፦ እሱም ቪኤም ነው። ካልገደብሽው እስከ ግማሽ ራምሽ ይወስዳል። የዊንዶውስ ዩዘር ፎልደርሽ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ደብሊውኤስኤልኮንፊግ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ፍጠሪ፣ እዚያ የሜሞሪውን ጣሪያ 4 ጊጋ ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ ደብሊውኤስኤልን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ እንደገና ክፈቺ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ካርዱን በቀጥታ ለቪኤሙ ስሰጠው ባሉኑ መሥራት አቆመ። ብልሽት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ካርዱ የቪኤሙን ራም በቀጥታ ስለሚያነብና ስለሚጽፍ ፔጆቹ ካሉበት መነቃነቅ የለባቸውም። ሙሉው ራም ገና ሲነሳ ይቆለፋል። እንደዚያ አስበህ አካፍል።

ጥያቄ፦ ቪኤሞቼ ሁሉ ቀርፋፋ ሆነዋል። ራም ይሁን ሌላ ነገር በምን ልለይ?

መልስ፦ ቪኤሞቹን ትተህ ሆስቱ ላይ ግባ። ሊኑክስ ከሆነ ቪኤምስታት ብለህ በየሰከንዱ እንዲያሳይህ አድርግ፣ ከዚያ ኤስአይ እና ኤስኦ የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመልከት። ከዲስክ የሚመለሰውና ወደ ዲስክ የሚሄደው ስዋፕ ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ራምህ ደህና ነው፣ ዲስኩን ወይም ፕሮሰሰሩን መርምር። ዜሮ ሆነው መቆየት ካቃታቸው ትልቁን ቪኤም ውሰድ፣ ውስጡ ገብተህ በሥራ ሰዓት በእርግጥ ስንት እንደሚጠቀም እይ፣ ትርፉን ቀንስና ማታ ሰው ሲወጣ አጥፍተህ አስነሳው። ሲነሳ ያየኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።