ልጅ ለማሳደግ ሥራ መልቀቅ ያዋጣል ወይ? (መልስ)

እኅቴ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሆንሽ ገልጸሽ፣ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ለልጆቼ ስል ለቅቄአለሁ። ያዋጣል እልሻለሁ፤ ዋጋውን ግን አስቀድመሽ እወቂው።

ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጥሽ 90 ቀን ነው። ሕፃን ደግሞ እስከ 6 ወሩ ከጡት ወተት ሌላ አያስፈልገውም። ጭንቀቱ ያለው እዚህ መካከል ነው። በዚያ ላይ የእኛ አገር የኅዳር ውርጭ! ጨቅላ በጋቢ ጠቅልሎ በማለዳ ወደ ሰው ቤት መሮጥ አንጀት ይበላል። የበኩር ልጄ ከመሶቡ እጁን አላቅቆ ወደ እኔ ሲራመድ ቤት ነበርኩ፤ ይህን በምንም ደመወዝ አልለውጠውም።

የሚጎዳው ገንዘቡ ነው። ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ አንቺ የምታዋጪው 7 በመቶና አሠሪሽ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቆማል። የዘለቄታ አበል፣ ማለትም በጡረታ ጊዜ በየወሩ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስንት ዓመት እንደሠራሽ ቁጠሪ። ለነጠላ መግዣ እንኳ ባልን መጠየቅ ይከብዳል። በየወሩ በስምሽ ባንክ የሚገባ ገንዘብ ከባለቤትሽ ጋር አሁኑኑ ተስማሙ፤ ይህን ነገር በይሉኝታ አትለፊው።

እናትሽ መንዝ እንዳሉ ጽፈሻል። መጥተው የመጀመሪያውን ዓመት ከአንቺ ጋር መቀመጥ ከቻሉ አትልቀቂ። ካልሆነላቸው ግን ልቀቂ፤ ስትወጪም የሥራ ልምድ ማስረጃሽን በእጅሽ ተቀብለሽ ውጪ።