ወንድሜ ክኒኑን ትቶ እንጉዳይ ሊበላ ነው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የ27 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ድባቴ ይዞት ሐኪም ክኒን ካዘዘለት ወራት አልፈዋል። ከሰው መቀላቀል ጀምሯል፤ ግን «ደንዝዣለሁ፣ ደስታም ሐዘንም አይሰማኝም» ይላል። ሰሞኑን ከውጭ የመጣ ጓደኛው የደረቀ እንጉዳይ ሰጠው። «አእምሮህን ሪስታርት ያደርግልሃል» ብሎታል። አሁን ክኒኑን አቁሞ ያንን ሊሞክር ነው። የጥናት ዜና ከስልኩ ላይ ሲያሳየኝ መልስ አጣሁ። አጎታችን በወጣትነቱ የሌለ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እሱ ያስፈራኛል። እማዬ ጸበል ይሂድ ትላለች፤ ስለ እንጉዳዩ ግን አታውቅም። መድኃኒት ነው ወይስ አጉል ወሬ?

የጨነቃት እህት

እህቴ፣

ወንድምሽ ያሳየሽ ባዶ ወሬ አይደለም። ይህን ካላመንሽለት ሌላውንም አይሰማሽም።

ጥናቶቹ በሚያወሩለት እንጉዳይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲሎሳይቢን ይባላል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሲሎሲን ይለወጥና አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው መልእክት አመላላሽ ኬሚካል የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ላይ ያርፋል። ያኔ ስለ ራሳችን ስናብሰለስል የሚሠራው የአንጎል መረብ ቅንጅቱ ይላላል። ድባቴ የያዘው ሰው «እኔ እኮ አልረባም» የምትለዋን ሐሳብ ሲያመላልስ ይውላል። ተመራማሪዎቹ ተስፋ ያደረጉት ይህ አዙሪት ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ቢበጠስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ፣ 233 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት 25 ሚሊግራም ሲሎሳይቢን አንዴ የወሰዱት በ3ኛው ሳምንት 1 ሚሊግራም ከወሰዱት ይበልጥ ተሽሏቸው ነበር። እስከ 12ኛው ሳምንት የጸናላቸው ግን ከ5ቱ አንዱ ያህል ናቸው። ይህችኛዋን ጓደኛው የነገረው አይመስለኝም።

ሌላም ያልነገረው አለ። እነዚያ ሰዎች ተመርምረው ነው የገቡት። ቤተሰቡ ውስጥ እንደ አጎታችሁ ያለ ሕመም የነበረበትን ብዙ ጥናቶች አያስገቡም፤ አንዳንዶቹ አጎትና አክስትንም ይቆጥራሉ። ምክንያቱም ተደብቆ የቆየውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል ብለው ይሰጋሉ። የሚሰጠው ተመዝኖ ነው፤ ባለሙያም ለሰዓታት አጠገባቸው ይቀመጣል። የወንድምሽ ደረቅ እንጉዳይ ምን ያህል እንደያዘ ማን ያውቃል? እንጉዳይ ለመሆኑስ ምን ዓይነት ነው? ከሜዳ የተለቀመ የጅብ ጥላ ጉበት የሚጨርስበት ጊዜ አለ። በእኛ አገር ደግሞ ሕጉም ይከለክላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ክኒኑ ነው። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ሊያመጣበት፣ ድባቴውም ሊያገረሽበት ይችላል። መደንዘዙ ደግሞ የፈጠራ ቅሬታ አይደለም። የእነዚህ ክኒኖች የታወቀ የጎን ጉዳት ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስለት ወይም መድኃኒቱን ሊቀይርለት ይችላል። ለሐኪሙ ነግሮት ይሆን? ብዙ ሰው አይናገርም፤ ሰዓቱ አጭር ነው፣ ሐኪሙም ቸኩሏል።

ስለዚህ አትቆጪው፣ እንጉዳዩንም አትንጠቂው። «ቅሬታህን ለሐኪሙ አብረን እንንገረው፤ የአጎታችንንም ነገር እናንሳ» በይው። እንጉዳዩን ለጓደኛው ይመልስ። ጸበሉንም ከፈለገ ክኒኑን ሳያቋርጥ ይሂድ፤ እማዬም ደስ ይላታል። ስለ መሞት ካወራ ወይም የሌለ ድምፅ ሰማሁ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን አማኑኤል ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ።