ለሐኪምነት ባዮሎጂ ብቻ ይበቃልን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። በአነስተኛ ሱቅ ሥራ የማሳድጋት ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ደርሳለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐኪም መሆን ትመኛለች። በባዮሎጂ ከክፍሏ ትመራለች፤ በፊዚክስና በሒሳብ ግን ከግማሽ ብዙም አትርቅም። ጎረቤቶቼ «ለሐኪም ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ይበቃታል፤ በፊዚክስ አታስጨንቂያት» ይሉኛል። ለክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ በየትኛው ትምህርት ላይ ባውለው ይሻላል? የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት ካለፈችስ ሕክምና መግባቷ የተረጋገጠ ነው?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ገንዘብዎን በፊዚክስና በሒሳብ ላይ ያውሉት። ጎረቤቶችዎ ለልጅዎ አዝነው እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በአዳማ ባዮሎጂ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት በዚህ ምክር ምክንያት ከሕክምና የቀሩ ጎበዝ ልጆችን ስላየሁ፣ መልሴን ከዚሁ መጀመር ግድ ሆኖብኛል።

በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ውጤታቸው የሚያዘው የፈተና ዓይነቶች ስድስት ናቸው፤ እነርሱም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ታርመው በድምሩ 600 ይሆናሉ። ልጅዎ በባዮሎጂ 90፣ በኬሚስትሪ 80፣ በእንግሊዝኛ 55፣ በአፕቲትዩድ 50፣ በፊዚክስና በሒሳብ ደግሞ 45፣ 45 ብታመጣ ድምሩ 365 ነው። ይህ ከማለፊያው ከ300 በላይ ቢሆንም ሕክምናን የሚመርጡት ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ የላቀ ውጤት ያላቸው ናቸው። በባዮሎጂ ሌት ተቀን ደክማ 100 ብትደፍን እንኳ የምትጨምረው 10 ነጥብ ብቻ ነው፤ ፊዚክስንና ሒሳብን ወደ 70 ከፍ ብታደርግ ግን 50 ነጥብ ጨምራ 415 ትደርሳለች። ማለፍ ራሱ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም አይተናል፦ ማለፊያውን ያገኙት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ነበሩ።

ነገሩ የነጥብ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ደም ግፊት በስሙ ሳይቀር ፊዚክስ ነው፤ ልጅዎ በ«ግፊት» ምዕራፍ የምትማረው ነገር ደም በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያሳድረውን ኃይል ለመረዳትም፣ ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ ለመረዳትም መሠረቱ ነው። ሩቅ ማየት ለተሳነው ሰው ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሌንስ የሚታዘዘው በብርሃን ሕግ ነው። ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ሲሰላ ሒሳቡን የሚሠራው ሐኪሙ ነው፤ የአሥርዮሽ ነጥቧ አንድ ቤት ብትስት መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እባክዎን ለልጅዎ «ፊዚክስ ለፈተናው ብለሽ ቻይው» አይበሏት፤ የሙያዋ አካል መሆኑን ይንገሯት።

አፕቲትዩድ የሚባለውን ፈተና ብዙ ቤተሰብ ይዘነጋዋል። የቃላት ግንኙነትን፣ የቁጥር ስሌትንና ምክንያታዊ አስተሳሰብን የሚለካ ስለሆነ ራሱን የቻለ የመማሪያ መጽሐፍ የለውም፤ ሆኖም ከባዮሎጂ እኩል 100 ነጥብ ይዟል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰዓት ይዛ፣ የቀደሙ ዓመታትን ጥያቄዎች ብትሠራ በአንድ ዓመት ውስጥ ለውጡ ይታያል። የእንግሊዝኛው ነገር ጠለቅ ያለ ነው። የአዳማ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ ተምረው 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆንባቸው፣ ብዙዎቹ ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር መሸምደድ ይጀምራሉ። እኔ ተማሪዎቼን የማሠራቸው እንዲህ ነው፦ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ መጽሐፉን ይዘጋሉ፣ ያነበቡትን በቤታቸው ቋንቋ ለወንድም ወይም ለእህት ያስረዳሉ፤ ከዚያም በራሳቸው እንግሊዝኛ አምስት መስመር ይጽፋሉ። ማስረዳት ያቃታቸው ቦታ ያልገባቸው ቦታ ነው፤ ተመልሰው የሚያነቡትም እርሱን ነው። ልጅዎ ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ ለእርስዎ ብታስረዳ ይህን ልምምድ ያለ ምንም ወጪ ታገኘዋለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን ሕክምናን አያረጋግጥም። ቀደም ሲል ተማሪው ከትምህርት ሚኒስቴር ሲመደብ የትምህርት ክፍሉንም አብሮ ያውቅ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የፍሬሽማን ዓመት (ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ከመምረጣቸው በፊት የጋራ ኮርሶችን የሚወስዱበት የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት) ስለተመለሰ ልጅዎ በመጀመሪያ የምትመደበው ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ ሕክምና የሚገቡት የሚለዩት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው፤ እንደየዩኒቨርሲቲው አሠራር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ወይም ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፍሬሽማን ጂፒኤ (የኮርሶች አማካይ ውጤት) ተዳምረው ይታያሉ። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር ባዮሎጂ የለም። የሚሰጡት ጠቅላላ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ናቸው፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚመጡት በሁለተኛው ነው። እንግዲህ ሐኪም ልትሆን የተነሳች ልጅ ከምትወደው ትምህርት ርቃ በፊዚክስና በሎጂክ ትመዘናለች ማለት ነው።

ከተማሪዎቼ አንዷን ምንጊዜም አልረሳትም። በ12ኛ ክፍል ውጤቷ ትምህርት ቤቱን በሙሉ አኩርታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ነገር ግን «ዋናውን ተሻግሬዋለሁ» ብላ በመጀመሪያው ሴሚስተር ተዘናጋች። ጂኦግራፊንና ሥነ ልቦናን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ቀርታ፣ በእነርሱ ባጣችው ነጥብ ከሕክምና ቀረች። ዛሬ በሌላ የጤና ሙያ በትጋት ታገለግላለች፤ ያኔ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ግን ስለ ፍሬሽማን አስቀድሜ ባለመንገሬ እኔም ራሴን ወቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ 12ኛ ክፍልን ለሚያጠናቅቅ ተማሪ ሁሉ ይህንን ሳልነግር አልሸኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው፣ እዚያው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። ከእናቷ ቤት ውጭ አድራ የማታውቅ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ካጣች ጠዋት ወረቀቱ ይደበዝዝባታል። ከፈተናው በፊት ዘመድ ቤት ጥቂት ቀናት ብታሳድሯት ይረዳታል።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በነርስነት የምሠራ የመጀመሪያ ዲግሪ ባለቤት ነኝ። ሐኪም የመሆን ምኞቴ አልወጣልኝም። እንደገና ከ12ኛ ክፍል መጀመር አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የለብዎትም። በ2004 ዓ.ም. ከጤናና ከተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፎች በዲግሪ የተመረቁ ሰዎችን በመግቢያ ፈተና ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀምሮ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀረጸው ለአራት ዓመት ተኩል ሲሆን፣ ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንሥቶ በበሽተኛ ታሪክ ዙሪያ እየተወያየ የሚማርበት ነው። ከተቋማቱ አንዱ እዚሁ ከተማችን የሚገኘው፣ በቀድሞ ስሙ ኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ቅበላ ሲኖር በማስታወቂያ ስለሚገለጽ፣ ከሥራዎ ከመልቀቅዎ በፊት የዘንድሮውን ቅበላና መስፈርት ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ በአካል ሄደው ይጠይቁ። የግል ኮሌጅ ካሰቡም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሕክምናው ፕሮግራም፣ እርስዎ በሚማሩበት ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያገኘ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ኮሌጁ በሌላ ሙያ ያገኘው ዕውቅና ለሕክምና አይሆንም።

በነርስነት ያካበቱት ልምድ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ እጅግ ይጠቅምዎታል፤ በመግቢያ ፈተናው ላይ ግን ከልምዱ ይልቅ የመሠረታዊ ሳይንስ ዕውቀትዎ ይፈተሻልና፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪን ከአሁኑ መከለስ ይጀምሩ። ከተማሩበት ተቋም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ወይም የአገልግሎት ግዴታዎን ማጠናቀቅዎን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቁ ይችላሉ። የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ ማስታወቂያው እስኪወጣ ሳይጠብቁ ይህንን ወረቀት በዚህ ወር ይጨርሱ።