ጣሊያንኛና የእንግሊዝኛው «ዘ»

ጥያቄ፦ የምሠራው ፒያሳ ሲሆን፣ ማታ ማታ ጣሊያንኛ እማራለሁ። መምህራችን «ቡና እወዳለሁ» ለማለት «ሚ ፒያቼ ኢል ካፌ» እንጂ ያለ «ኢል» አይባልም ይላሉ። «መኪናዬ» ሲባል «ላ» ይገባል፤ «እናቴ» ሲባል ግን አይገባም። በእንግሊዝኛ በሦስቱም ቦታ «ዘ» የለም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእንግሊዝኛው «ዘ» በአብዛኛው የሚገባው ተናጋሪውና ሰሚው ለይተው የሚያውቁት ነገር ሲጠቀስ ነው። ስለዚህ ቡናን በጠቅላላው የሚወድ ሰው «አይ ላይክ ኮፊ» ይላል፤ «ዘ ኮፊ» ካለ የቀረበለትን ቡና ማለቱ ነው። አማርኛችንም «ቡና» እና «ቡናው» እያለ ስለሚለይ፣ በዚህ ረገድ ጣሊያንኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቢያስቸግረን አያስደንቅም። ጣሊያንኛ አንድን ነገር በጠቅላላው ሲያነሣም አርቲክሉን (እንደ «ዘ»፣ «ኢል» እና «ላ» ከስም በፊት የሚገባውን ቃል) ስለሚፈልግ፣ «ኢል ካፌ» ሁለቱንም ሐሳብ ይይዛል፤ የትኛው እንደተፈለገ የሚታወቀው ከንግግሩ ነው። እንደ ፍቅር ያሉ ረቂቅ ስሞችና አብዛኞቹ የአገር ስሞችም አርቲክል ይወስዳሉ፤ አገራችን «ሌቲዮፒያ» ትባላለች፣ «በኢትዮጵያ» ለማለት ግን «ኢን ኤቲዮፒያ» ይበቃል። እንግዲህ በጣሊያንኛ ሲጽፉ አርቲክሉን ምን ያስገባዋል ከማለት ይልቅ ምን ያስቀረዋል ብሎ መጠየቁ ይሻላል።

በእንግሊዝኛ «ማይ» የ«ዘ»ን ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱ አብረው አይገቡም። የጣሊያንኛው «ሚያ» ግን እንደ ቅጽል ስለሚቆጠር አርቲክሉን አያስወጣውም፤ «ላ ሚያ ማኪና» የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚወጡት በነጠላ የተጠሩ የቅርብ ዘመድ ስሞች ናቸው፦ «ሚያ ማድሬ»። እነሱም ቢሆኑ ሲበዙ አርቲክሉ ይመለሳል፤ «ወንድሞቼ» «ኢ ሚዬይ ፍራቴሊ» ነው። ቅጽል ሲጨመርባቸውም እንዲሁ ነው፤ «የእነሱ» የሚለው «ሎሮ» ደግሞ ለነጠላ ዘመድም አርቲክሉን አይለቅም። በአካል ክፍሎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ እኛ «እጄን» ስንል፣ ጣሊያኖች «የእኔ» የሚለውን ትተው «ሚ ላቮ ሌ ማኒ» ይላሉ።

ለማታ ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቀናቱ ነገር ነው። መምህርዎ ትምህርት አለ ብለው «ሉኔዲ» ካሉ የሚመጣውን ሰኞ ማለታቸው ነው፤ «ኢል ሉኔዲ» ካሉ ግን ሰኞ ሰኞ ሁሉ ይጠብቁዎታል።