ፋጉሎው ቢወደድም አትዝለለው

የደሴ ጢጣው ወንድማችን ለፋሲካ የሚያደልባቸው 3 የእርሻ በሬዎች ገዝቷል። «ፋጉሎ እሳት ሆኗል፣ በጤፍ ጭድና በፉርሽካ ብቻ ብገፋውስ?» ብሎ ጠይቋል። ፋጉሎ ኑግና መሰል የቅባት እህል ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ነው፤ ፉርሽካ ደግሞ ስንዴ ሲፈጭ የሚቀረው ልጣጭ።

አብሽር ወንድሜ፣ እኔም ይህን ስሌት ሠርቼ ነበር። ኮምቦልቻ የዱቄት ፋብሪካ ስላላት ፉርሽካ ከአፍንጫችን ሥር ነው። 2 በሬ አስሬ በፉርሽካ ሞላኋቸው። በሁለተኛው ወር ዳለቻው ጅራቱን እያርገበገበ ያምጥ ጀመር። ሽንቱ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። ሐኪሙ መጥቶ «የሽንት ጠጠር ነው» አለኝ። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ብቻውን ሲበዛ በተለይ የተኮላሸ በሬ ላይ ጠጠር ይሠራል። በሬውን በግማሽ ዋጋ ለቄራ ሰጠሁት። የቆጠብኩት የፋጉሎ ብር የት እንደገባ እንጃ።

ጭዱም ቢሆን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሰባም። የጤፍ ጭድ ፕሮቲኑ ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ጭዱን ሆድ ውስጥ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱም ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ካላገኙ ጭዱ እዚያው ይከርማል፣ በሬውም ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ይሰረጉዳል። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 አካባቢ ፕሮቲን አለው። ፉርሽካ ደግሞ ወደ 16።

እኔ አሁን 300 ኪሎ ለሚሆን በሬ በቀን 4 ኪሎ ተኩል ጭድ፣ 2 ኪሎ ተኩል ፉርሽካ፣ 1 ኪሎ ከሩብ ፋጉሎ እሰጣለሁ። ሲደማመር ፕሮቲኑ ከመቶ 12 አካባቢ ይመጣል፤ ለማድለብ ይህ በቂ ነው። ከላይ ግማሽ እፍኝ ጨውና ትንሽ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነስንስበት። ጨው ውኃ ያስጠጣዋል፣ ውኃው ደግሞ ጠጠሩን ይከላከላል። የደሴ ጠዋት ውኃ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ በሬ ይጠየፈዋል። ረፈድ ሲል፣ ፀሐይ ሲነካው አጠጣ።

ፉርሽካና ፋጉሎውን በአንዴ አትዘርግፈው። በግማሽ ኪሎ ጀምረህ በ2 ሳምንት ሙሉ መጠኑ ላይ ድረስ፤ ያለዚያ ሆዱ ይኮመጥጣል። ፋጉሎ ስትገዛ ሰብረህ አሽትተው። ሻጋታ ከሸተተ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ወጪ መቀነስ ከፈለግህ ጭዱን በዩሪያ አክመው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ አሟሙተህ እያርከፈከፍክ ረግጠህ፣ በላስቲክ ጥቅጥቅ አድርገህ 21 ቀን ድፈነው። ከማብላትህ በፊት አየር ይምታው። የዩሪያውን ውኃ ከብት እንዳይቀምሰው፣ ይገድላል! ይህን ከሠራህ ፋጉሎውን ትንሽ መቀነስ ትችላለህ፤ መተው ግን የለም።

ጥርሳቸውንም እየው። ያረጀ የእርሻ በሬ ጥርሱ ካለቀ የምታበላው ሁሉ ከንቱ ነው። የትል መድኃኒትም ከመጀመሪያው ቀን ስጥ።

ሚዛን ስለሌለህ ሲባጎ ያዝ። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን አዙረህ ለካና ሲባጎው የገጠመበት ላይ ቋጥር። ከ3 ሳምንት በኋላ ያው ቋጠሮ አሁንም ከገጠመ በሬው አልወፈረም ማለት ነው፤ እበቱን ተመልከት። ደረቅና የተቆለለ ከሆነ ፋጉሎ አንሶታል። ቀጥኖ አረፋ ካለው ፉርሽካው በዝቷል።