የ1957 ጁልየታ ስፓይደር ቬሎቼ ልግዛ ወይ ላልከው ወንድም

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ሆነህ «በፈረንጆቹ 1957 የተሠራ አልፋ ሮሜዮ ጁልየታ ስፓይደር ቬሎቼ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ አርፈው ልጆቻቸው ቶሎ ሊሸጡት ነው፤ ቀብድ ልክፈል ወይ?» ብለሃል። ቀብዱን አትክፈል። መጀመሪያ መኪናው እውነት ቬሎቼ፣ ማለትም ሞተሩ ከተራው ስፓይደር የሚበልጠው ፈጣኑ ዓይነት፣ መሆኑን አረጋግጥ። ሰው በዚህ መኪና ዋናውን ገንዘብ የሚከስረው ተራውን ስፓይደር በቬሎቼ ዋጋ ሲገዛ ነው። በሁለቱ መካከል የአስር ሺዎች ዶላር ልዩነት አለ፣ ከውጭ ሲታዩ ግን አንድ ናቸው። ሻጮቹ ሊያታልሉህ ላይፈልጉም ይችላሉ። አባታቸው «ቬሎቼ ነው» ይሉ ነበር፣ እነሱም ያንኑ ይደግማሉ።

1. ቁጥሩን ራስህ አንብብ። ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል የሚለየውን ላሜራ እይ። የሻንሲው ቁጥር እዚያ ላሜራው ላይ ተመትቷል። የዚያ ዘመን ቬሎቼ ቁጥሩ ውስጥ 1495 ከሚለው ቀጥሎ ኤፍ (F) የሚል ፊደል አለው፤ ተራው የለውም። በሪቬት የተያዘችውን ፕሌት አትመን፣ እሷን መቀየር ቀላል ነው። የተመታው ቁጥር ዙሪያ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ከወፈረ፣ ወይም የመፍጫ ጭረት ካየህ፣ መኪናውን ትተህ ተመለስ። ሞተሩ ላይ ደግሞ 1315 የሚል ይኖራል፤ በቬሎቼ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር በ3 ይጀምራል። በ1315 ፋንታ 00102 ካገኘህ፣ ያ ቆይቶ የመጣው ተራ ሞተር ነው፤ 00106 የኋለኛው ቬሎቼ ነው፤ 00112 ከሆነ ጁሊያ የተባለው የኋለኛው የአልፋ ሞዴል 1570 ሲሲ ሞተር ገብቶበታል። ያ ሞተር ለመንዳት ደስ ይላል፣ ነገር ግን ለኦሪጅናል ሞተር የሚጠየቀውን ዋጋ አትከፍልበትም።

አንድ ቀላል ማጣሪያ ልንገርህ። በፈረንጆቹ 1959 መኪናው ሲሻሻል በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ2200 ወደ 2250 ሚሊ ሜትር አደገ፣ በሩ ላይም ትንሿ የማዕዘን መስታወት ተጨመረች። «የ1957 ነው» ብለውህ ያቺ መስታወት ካለች አንድ ነገር ተቀይሯል።

2. ከቁጥሩ በኋላ ዕቃውን እይ። ቬሎቼ ሁለት የተጋደሙ ዌበር 40 ዲሲኦ3 ካርቡራተሮች (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት ዕቃዎች) አሉት፤ ተራው ያለው አንድ ሶሌክስ ካርቡራተር ብቻ ነው። ዌበር 40 ዲሲኦኢ የሚባለው ሌላ ዓይነት ተገጥሞ ካየህ፣ ቆይቶ የተቀየረ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ዋጋ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ዲሲኦ3 ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ካርቡራተሮቹ አየር የሚስቡበት ሳጥንና ከፊት ካለው ማጣሪያ የሚመጣው ወፍራም ቱቦ መኖራቸውን አረጋግጥ። ብዙ ሰው እነዚህን አውልቆ ጥሏቸዋል፣ ሲፈለጉ ደግሞ እጅግ ውድ ናቸው። ከስር ገብተህ ኮፓውን (የሞተሩን ዘይት የሚይዘውን ሳህን) እይ፤ የቬሎቼው ኮፓ ተለቅ ያለና ዘይት ማቀዝቀዣ ክንፎች ያሉት አሉሚኒየም ነው። ካርቡራተሩ ቬሎቼ፣ ኮፓው ግን ትንሹ ከሆነ ፋብሪካው ሳይሆን ሰው በኋላ ቬሎቼ ያደረገውን ተራ መኪና ይዘሃል ማለት ነው።

3. ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ)። ይህን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። በዚያ ዘመን አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች መኪናን በሻንሲ ቁጥር ሳይሆን በሞተር ቁጥር መዝግበዋል። ስለዚህ ታይትሉ ላይ በ1315 የሚጀምር ቁጥር ልታገኝ ትችላለህ። ሞተሩ ከተቀየረ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መኪናው ላይ የለም! የምዝገባ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ ሳታይህ «አይዛመድም» ብላ ወረቀቱን ትገፋልሃለች፤ ለምን እንደሆነ ብታስረዳትም አትሰማህም። እንዲህ ዓይነት መስተንግዶ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የታይትሉን ማረሚያ ሻጮቹ ከመሸጣቸው በፊት በሟቹ ስም ያስጨርሱ፤ አንተ ገዝተህ ከጀመርከው ወራት ይፈጃል። የአልፋ ሮሜዮ ማህደር ሚላን አጠገብ አሬሴ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩን ልከህ ስትከፍል የተመረተበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን ቦታ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጡሃል። ለክርክሩ እሱ ይጠቅምሃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝገት ነው፣ በቁጥር ተራ የሚያልቅ አይደለም። ይህ መኪና የተለየ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው ተሸካሚው። ጣሪያ ስለሌለው ጥንካሬው በሙሉ ከበሩ ስር ባሉት ሁለት ደፎችና በወለሉ ላይ ነው። ደፉ ውስጡ በላሜራ የተከፋፈለ ሳጥን ነው። ውስጡ በስብሶ እያለ ከላይ አዲስ ላሜራ በይደው ቀለም ይቀቡታል፣ ሲታይ እንደ አዲስ ያምራል። ስለዚህ በማግኔት ብቻ አትርካ። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለህ አስኪደው፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ቀጥሎ በውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ቀጭን ካሜራ አስገብተህ ውስጡን እይ።

ከዚያ በሩን ዘግተህ በበሩ የኋላ ጠርዝና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች በጣትህ ለካው። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናው ከመሃሉ ሰምጧል። አሁን ክሪክ አስገብተህ በራሱ የክሪክ ቦታ ቀስ ብለህ አንሳውና በሩን ክፈት ዝጋ። በሩ ከያዘ፣ ወይም ክሪኩ ወደ ላሜራው ውስጥ ከሰመጠ፣ ደፉ አልቋል። ደፍ መቀየር ይቻላል፤ አዲስ ላሜራ ከጣሊያን፣ ከጀርመንና ከኔዘርላንድ ይመጣል። ግን በያጁ ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ድጋፍ ብረት ካልበየደ አካሉ ይታጠፋል፣ በሮቹም ከዚያ ወዲያ በትክክል አይገጥሙም። ይህን ሳትጠይቀው ራሱ የማይነግርህ በያጅ እጁን አያስገባ። የተለዋጭ ጎማውን ጉድጓድና ከፊት መብራቶቹ ኋላ ያለውንም እይ፤ እነዚያን ማስጠገን ርካሽ ነው።

ሞተሩ 1290 ሲሲ ነው፣ በደቂቃ 6500 ዙር ላይ 90 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ብሎኩም ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውሃ ሲቀመጥ የኖረ ከሆነ በውሃ መተላለፊያዎቹ ዙሪያ አሉሚኒየሙ ተበልቷል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስታነሳ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ ጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) አልፏል። ኮምፕሬሽኑን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን ግፊት) ሞተሩ ሞቆ፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ለካ፤ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ልዩነቱ ከ10 በመቶ አይብለጥ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሲሞቅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መልስ፤ ካንቋረረ የሁለተኛው ሲንክሮ (ማርሹን ያለ ድምፅ የሚያስገባው ቀለበት) አልቋል። ይህ የታወቀ በሽታው ነው፣ በዋጋ ድርድር ላይ አንሳው።

ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከሆነ ደግሞ «ላስነሳልህ» ሲሉህ ከልክል። ካንዴላዎቹን አውልቃችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሩና ማታውን ይደር፤ በነጋታው ሞተሩን መጀመሪያ በእጅ አዙሩት። አሮጌውን ቤንዚን ሳያወጡ ካርቡራተር ውስጥ ከላኩት ደለሉ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ያንን ማጽዳት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

በመጨረሻ ያነሳሃት «አዲስ አበባ ልወስደው እችላለሁ?» የምትለዋ ጥያቄ፦ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ስለተከለከለ፣ እዚያው አሜሪካ የምትነዳው ከሆነ ብቻ ግዛው።

የላሜራውን ቁጥር፣ የሞተሩን ቁጥርና የኮፓውን ፎቶ እዚህ ለጥፈው። ቬሎቼ ይሁን አይሁን ከእነዚያ ሦስቱ እነግርሃለሁ።