የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ከወደቁ በኋላ በየትኛው በር ይገባል?

ጥያቄ፦ የምእመናን ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለችግረኞች ከተሰበሰበው ላይ ለራሴ ጉዳይ አነሳሁ፤ “በወሩ መጨረሻ እተካዋለሁ” እያልኩ ሳልተካው ቀረሁ። ማንም ሳያውቅብኝ ኃላፊነቱን አስረክቤ ከጉባኤ ከራቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መመለስ እፈልጋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሕይወቴን ላስተካክል ብዬ እየቆየሁ ነው። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ፍላጎትዎ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጦብዎታል። በሉቃስ 15 ላይ የአባቱን ገንዘብ አባክኖ እሪያ ጠባቂ የሆነው ልጅ ገና በእሪያዎቹ መካከል ሳለ አባቱን የሚለውን አሰናድቶ ነበር። ንግግሩ ሦስት ክፍል አለው፦ በድያለሁ፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ (ቁጥር 18-19)። አባቱ ፊት ሲቆም ግን የተናገረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው (ቁጥር 21)። ሦስተኛው፣ “እንደ ቅጥረኛ ልኑር” የሚለው፣ ከአፉ ሳይወጣ አባትየው ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ አምጡለት ብሎ ማዘዝ ጀምሯል። እርስዎ ሁለት ዓመት የቆዩት ያንን ያልተነገረ ሦስተኛ ክፍል በተግባር ጨርሰው ለመምጣት ነው።

ይህ ማለት ገንዘቡ ይቅር ማለት አይደለም። በዘኍልቍ 5፥7 በደለኛው ይናዘዛል፣ የወሰደውን ሙሉውን ይመልሳል፣ አንድ አምስተኛም ይጨምርበታል። 10,000 የወሰደ 12,000 ይመልሳል ማለት ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ግን ቁጥሮቹን ይመልከቱ፦ ኢየሱስ “ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል” ያለው በሉቃስ 19፥5 ነው፤ ዘኬዎስ ስለ ገንዘቡ አፉን የከፈተው በቁጥር 8 ነው። ካሳው የመጣው ከመቀበሉ በኋላ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት፣ ቀኑንና መጠኑን በወረቀት ላይ ይጻፉ። “ትንሽ ገንዘብ” ብለው አይጻፉ፤ ልክ ያልተቀመጠለት ዕዳ አይከፈልም። ቀጥሎ ለአንድ ካህን ወይም መጋቢ ይናዘዙና ለማኅበሩ ኃላፊዎች ሲነግሩ አብሮዎት እንዲቀመጥ ይጠይቁት። በመላው ጉባኤ ፊት መነሣት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ማወቃቸው ይበቃል። ገንዘቡ በአንዴ ካልተሟላ የሚከፍሉበትን ቀንና መጠን ተፈራርመው ይስጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ገንዘቡን ስም በሌለው ፖስታ አድርጎ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይከትና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ገንዘቡ ገባ፤ የሒሳቡ ጉድለት ግን እንዳለ ነው፤ አንድ ቀን ሲመረመር ጥርጣሬው የሚያርፈው ከእርሱ በኋላ መዝገቡን በተረከበው ንጹሕ ሰው ላይ ነው። ሌላው በኑዛዜው መጨረሻ “ተቸግሬ ነበር እንጂ” ብሎ ይጨምራል። ችግርዎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሲጠየቁ ይናገሩት፣ ከኑዛዜው ጋር ግን አይስፉት። የሕግ ተጠያቂነት ካለም ይቅርታው አያስቀረውም።

የገንዘብ ያዥነቱን ቦታ ግን መልሰው አይጠይቁ። ማዕድ መቅረብና ቁልፍ መያዝ የተለያዩ ናቸው። ማርቆስ ከጳውሎስ የስብከት ጉዞ መካከል ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)፤ በሚቀጥለው ጉዞ ጳውሎስ አልወስደውም አለ፤ “ለአገልግሎት ይጠቅመኛል” ብሎ ያስጠራው ከዓመታት በኋላ ነው (2 ጢሞ. 4፥11)። በእነዚያ ዓመታት ማርቆስ ክርስቲያን መሆኑ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ያንኑ ኃጢአት እየደጋገምኩ ንስሐ መግባት ሰልችቶኛል። እግዚአብሔርንም አሰልችቼው ይሆን? አይገባኝም ብዬ ከቁርባን ቀርቻለሁ።

መልስ፦ የጳውሎስን ቃል እስከ መጨረሻው ያንብቡት። “ሰው ግን ራሱን ይፈትን” ካለ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ “ይቅርም” ብሎ አያልቅም፤ “ይብላ” ብሎ ነው የሚቀጥለው (1 ቆሮ. 11፥28)። ቤተ ክርስቲያንዎ አስቀድሞ ኑዛዜ የምታዝ ከሆነ ያንን ይፈጽሙ፤ መራቅ ግን ዝግጅት አይደለም።

ጴጥሮስ የካደው የፍም እሳት እየሞቀ ነበር (ዮሐ. 18፥18)። ከትንሣኤ በኋላ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ያገኘውም ፍም ነው፤ ዓሣና እንጀራም ተሰናድቷል (ዮሐ. 21፥9)። “ትወደኛለህን?” የሚለው ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ክህደቱ እንዳልነበረ አልታለፈም፤ ሆኖም በባዶ ሆዱ አልተመረመረም።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ “ብዙ በድያለሁ” የሚል ጥቅል ኑዛዜ ለሚደጋገም ኃጢአት ብዙም አይፈይድም። ለሁለት ሳምንት ከውድቀቱ በፊት የነበረውን አንድ ሰዓት ይመዝግቡ፦ ስንት ሰዓት ነበር? የት ነበሩ? ከማን ጋር ተጣልተው፣ ምን ያህል ደክመው ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ውድቀቱ የሚጀምረው እርስዎ ከሚናዘዙት ቦታ ቀደም ብሎ ነው፤ በቂም ውስጥ፣ ወይም ሌሊት አልጋ ላይ በተያዘው ስልክ። መለወጥ ያለበት ያ ሰዓት ነው። ለሚያምኑት አንድ ሰው የሚደውሉትም ከወደቁ በኋላ ብቻ ሳይሆን ያ ሰዓት ሲጀምር ይሁን። ከወደቁ ደግሞ በዚያው ቀን ይናገሩ፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር ሁለተኛውን ውድቀት ይጠራል። ሱስ ከሆነ ሐኪም ዘንድም ይሂዱ፤ ንስሐና ሕክምና አይጣሉም።

ጥያቄ፦ መንፈስ ቅዱስን ተሳድቤ ይሆን? የማይሰረየውን ኃጢአት የሠራሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ማርቆስ 3፥28-30ን ይክፈቱ። ቃሉ የተነገረው የክርስቶስን ሥራ ዓይናቸው እያየ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ላሉት ነው፤ እነርሱ ምሕረት አልለመኑም፣ እንቅልፍም አላጡም። ሐሳቡ ያለ ፈቃድዎ እየመጣ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ግን በዚህ ጉዳይ ደጋግመው መናዘዙን ትተው የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያነጋግሩ፤ እንዲህ ያለው ጭንቀት በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በሽማግሌነት አገለግላለሁ። በግልጽ የወደቀ ወንድም ሊመለስ ነው። ስንት ጊዜ እናቆየው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ በስደት ዘመን ሳይገደዱ ለካዱት 12 ዓመት ወሰነ፦ 3 ዓመት ከሰሚዎች ጋር (ንባብና ስብከት ብቻ ሰምተው ከሚወጡት)፣ 7 ዓመት ከሰጋጆች ጋር (ተንበርክከው ጸሎት ተደርጎላቸው ከቁርባን በፊት ከሚወጡት)፣ 2 ዓመት ያለ ቁርባን በጸሎት ብቻ (ቀኖና 11)። ለዛሬ ጆሮ ይከብዳል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ይሏል፦ ዘመኑ መጨረሻ ነበረው፤ የዘመኑን ዓመታት የሚቆጥረውም ሰው በጉባኤው ቤት ውስጥ እንጂ ውጭ አልነበረም። ቀጣዩ ቀኖና ንስሐው በሥራ ለታየ ኤጲስ ቆጶሱ እንዲያቀልለት ይፈቅዳል፤ 13ኛው ደግሞ ሊሞት የተቃረበ ሰው ቁርባን አይከልከል ይላል።

ስለዚህ ርዝመቱ ላይ ከመከራከራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጽፋችሁ ስጡት፦ ከየትኛው አገልግሎት እንደሚቆይ፣ በየትኛው ቀን ጉዳዩ እንደገና እንደሚታይ፣ እስከዚያ በየሳምንቱ የሚያገኘው ማን እንደሆነ። ቀን ያልተቆረጠለት ቅጣት ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ጳውሎስ ተናግሯል፤ ሰውየው “ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ” አጽናኑት አለ (2 ቆሮ. 2፥7)። ጥፋቱ ሌላ ሰው የጎዳ ከሆነ ግን ከእርሱ በፊት የተጎዳውን አነጋግሩ፤ በተጎዳው ፈንታ “ይቅር ብለናል” ማለት አትችሉም፣ አንድ ላይ እንዲቀመጡም አታስገድዱ።

የመጀመሪያው እሑድ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። በር ላይ ማን እንደሚጠብቀው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሲወጣም አብሮት ይውጣ።